የጥሩዬ ጉድጓድ

ከጂንካ ወደ ገዘር በሚወጣው መንገድ፣ ሚኒባሱ ዳገቱ ከብዶት የሚያቃስትበት ቦታ ላይ ያለው ቤት የጥሩዬና የባሏ የኤርጎ ነው። ከመስኮት አሻግሮ ላየው መንገደኛ ያስቀናል። ቆርቆሮው በእንሰትና በሙዝ ቅጠል ተከቧል፤ ደጁ ላይ ማንጎ ቆሟል፤ ከጓሮው ጀምሮ ጫካው ወደ ገደሉ ይወርዳል። «መኖርስ እንዲህ ያለ ቦታ!» ይላል መንገደኛው። ይኑርበታ! ማን ከለከለው? አንድ ዓመት ኖሮበት እንትፍ ሳይል ከወጣ ጥሩዬ ራሷ ትመርቀዋለች።

እዚያ ቤት ወቅት የሚታወቀው በሚመጣው አስጠሊታ ፍጥረት ነው። ጥር ላይ ሣሩ ሲደርቅ ዝንጀሮው መንጋውን አስከትሎ ይወጣና ማንጎውን እንጭጩን ሳይቀር ይቀጥፋል፤ አንዴ ነክሶ ይጥለዋል፤ ይህ አልበቃ ብሎት ደጃፏ ላይ ተጸዳድቶ ይሄዳል። መጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ተራው የአሸን ነው። ከመሬት ፈልቶ አምፖሉን ይከባል፣ ወጥ ውስጥ ይዘፈቃል፣ ክንፉን አልጋ ላይ አራግፎ በሆዱ ይሳባል። ድመቷ እስኪያቅራት ትበላውና አልጋ ሥር ገብታ ትመልሰዋለች፤ በማግስቱ ተንበርክካ የምትጠርገው ጥሩዬ ናት።

ግንቦት የመዥገር ወር ነው። ውሻው ቡቺ ጆሮው ውስጥ የጉሎ ፍሬ ያከለ መዥገር አንጠልጥሎ ይመጣና ጭኗ ላይ ራሱን ይጥላል። ጋዝ በነካ ጨርቅ እየነቀለች ድንጋይ ላይ ስትደፈጥጠው ጣቷ በውሻ ደም ይርሳል፤ ያን ቀን እህል አይወርድላትም። ቡቺን ግን ትወደዋለች። ምን ታድርግ፣ እየተጸየፈችውም ትወደዋለች።

ጥቅምት የጃርት ነው። ጃርት ይሉኝታ የለውም። አንዱን ስኳር ድንች ቆፍሮ በልቶ አይሄድም፤ ሁሉንም ገመጥ ገመጥ አድርጎ፣ የቀረውን ለጉንዳን አስረክቦ ነው የሚሄደው። ኤርጎ በጃርት ነገር ያብዳል። ካቻምና ከገበያ በላስቲክ የተጠቀለለ መርዝ አምጥቶ በስኳር ድንች ለውሶ ቢያስቀምጥ፣ ጃርቱ ትቶት የበላው ከቡቺ በፊት የነበረው ውሻ ሆነ። ውሻው አረፋ እየደፈቀ ሲንፈራገጥ ጥሩዬ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ኤርጎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና፣ ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ስም ምሎ «ዳግመኛ መርዝ እዚህ ግቢ አይገባም» አላት። አመነችው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ግን ጥሩዬ ስለ ጃርት የምታስብበት ልብ አልነበራትም። አንዲት ልጇን አቢጊያን ታምራት የሚባል የጂንካ ልጅ ሽማግሌ ልኮ አስጠይቋት፣ እሺ ተብሎ፣ ኅዳር ላይ የልጁ ቤተሰብ ለትውውቅ ሊመጣ ቀን ተቆርጧል። ታምራት ቢሮ ይሠራል፤ ጫማው ጭቃ አያውቅም፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ከሁሉ በላይ ጥሩዬን የማረካት ከተማ መሃል፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤት መከራየቱ ነው። «የኔ ልጅ እንደኔ መዥገር ስትደፈጥጥ አታረጅም» ትል ነበር ለጎረቤቷ ለዘሪቱ። አቢጊያ «ገና አላወቅሁትም እኮ፣ እማዬ» ስትላት እንኳ «ኖረሽ ታውቂዋለሽ፤ እኔስ አባትሽን መቼ አውቄው ገባሁ?» ብላ ዝም አሰኝታታለች። ይህ ትዳር ቢፈርስ ጥሩዬ የምትፈርስ ይመስላት ነበር።

ለዚያ ቀን የታሰበው ምግብ ቆጮ ነው። በእነሱ ዘንድ የቆጮ ጉድጓድ የሴት ነው። እንሰቱን የምትፍቀው ሴት፣ ጉድጓዱን ቅጠል የምታለብሰው ሴት፣ ድንጋይ ጭና የምትከድነውም የምትከፍተውም ሴት ናት። ወንድ እጁን ከሰደደበት ነውር ነው፤ «ሚስቱ ምን ሆና ነው?» ያስብላል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሲያምር ስሙ የእሷ፣ ሲበላሽም የእሷ። የጥሩዬ ቆጮ ደግሞ ስም ነበረው፤ ነጭ፣ ልስልስ፣ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚያልቅ። የታምራት እናት ሙሉነሽም «እኛስ የምንመጣው ቆጮውን ልንበላ ነው» ብላ አስቀድማ ልካባታለች።

ትውውቁ ሲቃረብ ግቢው ይሸት ጀመር።

ቆጮ ሲብላላ ይሸታል፤ ያ የታወቀ ነው፤ ለለመደው አፍንጫ የምግብ ሽታ ነው። ይኼኛው ግን ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የሚቀር፣ ጣፈጥ የሚል ክርፋት ነበር። ጥሩዬ መጀመሪያ ድመቷን ጠረጠረች፤ አይጥ ገድላ ጣራ ሥር ጥላለች ብላ መሰላል አቁማ ፈተሸች። የለም። ቀጥሎ ቡቺን ጠረጠረች፤ በሳሙና አጠበችው፣ የሚተኛበትን ጆንያ አቃጠለች። ያው ነው። ዘሪቱ መጥታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ግቢውን ዞረችና «የሞተ ነገር ነው እኮ፣ የኔ እህት» ብላት ሄደች።

ጉድጓዱንስ? ጉድጓዱንማ ማን ይጠረጥራል! እንሰት በማይበላበት አገር ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነበር። እዚያ ግን ከጉድጓድ የሚመጣ ሽታ ሽታ ተብሎ አይቆጠርም። ቡቺ ብቻ ጉድጓዱ ዳር እየሄደ ይጭራል፣ ያላዝናል፣ ድንጋዩን በአፍንጫው ይገፋል። ጥሩዬ «አንተ ሌባ! ለእንግዳ ያስቀመጥኩትን!» ብላ በፍልጥ አናቱን አለችውና ማንጎው ሥር አሰረችው።

በትውውቁ ዋዜማ ገበያ ውላ ስትመለስ ሽታው ቀንሷል። «ተመስገን» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱን ከፈተች። ድንጋዩ እሷ ባስቀመጠችበት አልነበረም፤ ግን ጥድፊያ ላይ ነበረችና ጥፋቱን ለቡቺ ሰጥታ አለፈች። ቆጮውን በቃጫ ጨምቃ፣ ሳንቃ ላይ አድርጋ በቢላ ትከትፍ ጀመር። ጥቂት እንደከተፈች ቢላዋው አንድ ነገር ገጭቶ ቆመ። በጣቷ ስትፈልገው ወጋት። ስባ አወጣችው። ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ስንዝር የሚያህል የጃርት ወስፌ ነው። ሥሩ ላይ የቆዳ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ቁራጩ ላይ ደግሞ ትል አለ። ትሉ የቆጮውን ቀለም ይዞ ስለነበር አውራ ጣቷ ላይ ወጥቶ እስኪላወስ ድረስ አላስተዋለችውም።

እንሰቱ ሥር ተደፍታ የጠዋት ሻይዋን አስመለሰች። እጇን በአመድ አሸችው፣ በሳሙና አሸችው፣ እንደገና በአመድ አሸችው፤ ሽታው አልለቅ አላት። ከዚያ ኤርጎን ጠራችው።

ኤርጎ ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ። ወስፌውን ሲያይ አልደነገጠም። እሷን ያስደነገጣት ያ ነው።

«ውይ፣ አንዱ ቀርቶ ነው?» አለ።

«አንዱ ቀርቶ ማለት?»

«ትላንት አውጥቼዋለሁ እኮ። አንቺ ገበያ እያለሽ ውሻው ገመዱን በጥሶ ድንጋዩን ገለበጠው። ብሄድ፣ ጃርት ከጎን ቆፍሮ ገብቶ እዚያው ሞቷል። አውጥቼ ገደል ከተትኩት። ዙሪያውንም ጠራርጌ ከደንኩት፤ ውሻውንም መልሼ አሰርኩት።»

«ጃርቱን ምን ገደለው?»

ኤርጎ የሸሚዙን ቁልፍ ያይ ጀመር።

«ኤርጎ፣ ጃርቱን ምን ገደለው?»

«ያው… ትንሽ መድኃኒት አስቀምጬ ነበር። ከታች፣ ማሳው ዳር፣ ቡቺ በማይደርስበት። ስኳር ድንቹን ጨረሰው እኮ፣ ጥሩዬ!»

መሐላውን አላነሳችበትም። እሱንም እሷንም የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ለሌላ ቀን አቆየችው።

«እና ይህን ለሰው ልናበላ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል። የነካው መሃሉን ነው፤ አንቺ ዳር ዳሩን አድርጊው። ደግሞስ እሳት ይገባዋል፤ እሳት የማያጠራው ምን አለ? ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። የሙሉነሽን አፍ ታውቂያለሽ። ቆጮው ተበላሸ ከተባለ የሚጠፋው ያንቺ ስም ነው።»

«አንተስ ትበላለህ?»

«እኔማ ዛሬ ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አለ፣ ዓይኑን ገደሉ ላይ ተክሎ።

«እኔና አቢጊያስ?»

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈና ወንበር ሊደረድር ወደ ቤት ገባ።

ጥሩዬ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ተጸይፋለች። የዝንጀሮ ኩስ ጠርጋለች፣ የድመት ትውከት አፍሳለች፣ የመዥገር ደም ከጣቷ አጥባለች። እንደዚያን ጠዋት ያለ ማቅለሽለሽ ግን አይታ አታውቅም። ትል ምን ያውቃል? የሚያውቀው መብላት ነው። ይህ ሰው ግን እያወቀ አጠገቧ ተኝቶ አድሯል፤ እያወቀ «ደህና አደርሽ» ብሏታል። ራሱን በጾም ሸሽጎ፣ ሚስቱንና ልጁን ለእንግዳ ሽፋን በአንድ ገበታ ሊያስቀምጣቸው ነበር። ያ እጅ ይህን ሁሉ ዓመት ከእሷ እጅ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ መግባቱን ስታስበው እንደገና ቋቅ አላት።

ቆጮውን፣ ቃጫውን፣ የከተፈችበትን ሳንቃ ሳይቀር ጉድጓዱ ውስጥ መልሳ አፈር ሞላችበት፤ ላዩ ላይ ያገኘችውን ድንጋይ ሁሉ ቆለለች። ቡቺን ፈታችውና ያበጠ አናቱን ዳበሰችው። ውሻው ጅራቱን ቆላ። ይቅር ማለት ለውሻ ቀላል ነው። ከዚያ ስኳር ድንች ልታወጣ አካፋዋን ይዛ፣ መርዝ ካልደረሰበት ከላይኛው መደብ ሄደች። ለአቢጊያ ምንም አልነገረቻትም። ቀኑን ላበላሽባት አይገባም፣ እንግዶቹ ይምጡ፣ ይብሉ፣ ይመርቁ፣ ይሂዱ፤ የኤርጎን ነገር ከዚያ በኋላ አየዋለሁ አለች በሆዷ።

እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ፤ ሙሉነሽ፣ ባሏ ጎሳዬና ታምራት። ኤርጎ ረዥም ጸሎት ጸለየ፤ ስለ ቅን ልብ ሳይቀር ለመነ። አቢጊያ ጎመን፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና የበቆሎ ቂጣ አቀረበች። ሙሉነሽ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አየችና ሳቅ አለች።

«ቆጮውስ፣ እህት ጥሩዬ? ደበቅሽብን?»

ጥሩዬ አፏን ሳትከፍት ኤርጎ ቀደማት።

«ምን ይደረጋል፣ ዘንድሮ ጉድጓዱ አልሆነላትም። እርጅናም አለ!» አለና ሳቀ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ዝም ትልለት ነበር፤ ስሟ ቢጠፋም የልጇ ትዳር ይቁም ብላ ትውጠው ነበር። ሳቁን ግን መዋጥ አልቻለችም።

«ጉድጓዴ ደህና ነበር» አለች። «ኤርጎ ጃርት በመርዝ ገደለ። ጃርቱ ቆጮዬ ውስጥ ገብቶ በሰበሰ። ትላንት አውጥቶ ከደነውና ዝም አለኝ። ለእናንተ ላቀርብላችሁ ነበር። እኔም ልበላ ነበር፤ የገዛ ልጁ አቢጊያም ልትበላ ነበር። እሱ ጾም ይዟል።»

ሙሉነሽ ያነሳችውን ስኳር ድንች መልሳ አስቀመጠች። ጎሳዬ ጉሮሮውን ጠራረገና «እንግዲህ… እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልበላነውም» አለ። ኤርጎ ወለሉን ያያል።

አቢጊያ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። አባቷን አላየችውም። ወደ ታምራት ዞረች።

«አንተ ብትሆን ትነግረኝ ነበር?»

ታምራት ፈገግ አለ። መጀመሪያ አባቱን አየ፣ ቀጥሎ ኤርጎን።

«እሱማ… እንደ ሲቹዌሽኑ ነው የሚታየው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፕሮግራም ተይዟል፣ እንግዳ ተጠርቷል… ሁሉም ነገር ይነገራል እንዴ? አንዳንዱን በውስጥ ይዞ ማለፍ ነው።»

ጎሳዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁ ብልህ ነገር የተናገረ መስሎታል።

አቢጊያ ውሃውን መሬት ላይ አስቀምጣ ታምራትን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው፤ ከንፈሯ ቀስ ብሎ ሲጣመም ጥሩዬ አየች። ሙሉነሽ ተጨንቃ «እህት ጥሩዬ፣ እናት አይደለሽ? አንድ ነገር በያት እንጂ!» አለች።

የማባበያ ቃል ጥሩዬ አላጣችም። ወጣት ነው፣ አፉ አዳልጦት ነው፣ ሰው እያደር ይበስላል፤ ሁሉም ምላሷ ላይ ነበር። ከተማ መሃል ያለው ቤትም ዓይኗ ላይ ነበር። ኤርጎ ከወለሉ ቀና ብሎ፣ እንድትናገር በዓይኑ ለመናት።

አቢጊያ ጎንበስ ብላ ከታምራት ፊት ሳህኑን አነሳችና ወደ ጓዳ ዞረች። ጥሩዬ ልጇ እንድታልፍ እግሯን ሰበሰበችላት።