ከፓቻቱሳን የመጣች ጠጠር

በብቸና ዙሪያ አንዲት ዝንብ ብታልፍ በማን በሬ ጀርባ ላይ እንደዋለች እነግራችኋለሁ። እንዲህ ያለ ዓይን ስላለኝ ኪስፔን የጠረጠርኩት ገና ከሞጣ አውቶቡስ ሲወርድ ነው። ከፔሩ፣ ኩስኮ ከምትባል ደጋ ከተማ የመጣ የድንች ባለሙያ ነው። መልኩ ጠይም፤ ፈረንጅ ለማለት እንኳ አይመችም። ለዘር ማባዣ ይሁነው ብዬ ግማሽ ማሳዬን ሰጠሁት። ማሳዬ መቼም አንድ አውራጃ ያህላል።

ሰውየው ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ቅጠል ይይዝና ወደ ጮቄ ተራራ ዞሮ እፍ ይላል። ይኼ የጤና ነው? ሰላይ ይሆን? ወይስ መተተኛ? ሦስት ቀን ከቁልቋሉ ጀርባ ተደብቄ ጠበቅሁት። ነብር እንኳ እንደዚያ አያደባም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከኪሱ አንዲት ግራጫ ጠጠር አውጥቶ ከማሳዬ ጥግ መቆፈር ጀመረ። ቀድማኝ የጮኸችው ጎረቤቴ ይርጋነሽ ናት። ባሏ ሞቶባት በእኔው አዋሳኝ ያለችውን ማሳ እያሳረሰች ትኖራለች።

«ኡኡ! ወሰን ሊተክሉብኝ ነው! ያለችኝ ይቺው ናት፣ እሷኑ ሊቆርጡብኝ!»

«አንቺ፣ የሚቆፍረው እኮ የኔን መሬት ነው!»

«አያ ያለው፣ ዝም በል! ጎትተህ ያመጣኸው አንተ!»

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ጩኸቱን ሰምተው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። «ልጄ፣ ምን እየቀበርክ ነው?»

«አባቴ» አለ ኪስፔ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ከከተማችን በላይ ፓቻቱሳን የሚባል ተራራ አለ። በቋንቋችን በኬችዋ የዓለም ምሰሶ ማለት ነው። ለእሱ ሳንነግር ዘር አንዘራም። ከዚህ አይታየኝም፤ እናቴ ጠጠሯን ከእሱ ላይ አንስታ የሰጠችኝ ለዚህ ነው።»

ይርጋነሽ አልተዋጠላትም። «ምሰሶ ከሆነ እዚያው አገሩ ይደግፍ! እስቲ ጉድጓዱን ልየው።» ጎንበስ አለች፤ እንደ ጎነበሰችም ቀረች። ከአፈሩ ሥር መስቀል የተቀረጸበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቅ ብሏል።

«የአማቴ የወሰን ድንጋይ!» አለች ቀስ ብላ። «አራት ክንድ ገፍተህ አርሰሃል፣ አያ ያለው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ኪስፔ እንኳ አየኝ፣ ሌባው!

«በሬዎቼ በጎጃም አቻ የላቸውም» አልኩ። «ወሰን ሲገፉ የሚያቆማቸው አይገኝም።»

«እርፉንም የያዙት በሬዎቹ ናቸው?» አሉ መሪጌታ።

አራት ክንዱን መለስኩ። ይርጋነሽ ጠጠሯን ከኪስፔ ተቀብላ ራሷ ከአማቷ ድንጋይ ጎን ቀበረቻት። «አንተን ሰው አይችልህም፤ ተራራ ይጠብቅህ» አለችኝ።

እንግዲህ ጎጃምን ዙሩት፤ የፔሩ ተራራ ወሰኑን የሚጠብቅለት ገበሬ ከእኔ ሌላ ካገኛችሁ ጥሩኝ።