በጠርዙ ብቻ

«አል-ፋቲሓ!» አለ አሁን የመጣው ሰውዬ፣ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሞ። የተቀመጠው ሁሉ ለሟቹ ሊጸልይ መዳፉን ዘረጋ። ሬሕማም የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ አስቀምጣ መዳፎቿን ዘረጋች። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የለቅሶው ምንጣፍ ይነሳል። እሷ ግን ሟቹን ዶክተር ሳሊህን ገና አላመሰገነቻቸውም። ዐሥራ አንድ ዓመት በቤታቸው ሠርታ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት «አመሰግናለሁ» አላለቻቸውም። ውለታው ሲበዛባት አፏ ይያዝ ነበር። አሁን ለማን ትንገረው?

«ሬሕማ!» አሉ የሟች ባለቤት ሓጃ ሁስና። «ያቺን የሳሊህን ሳጥን አምጫት። ኢክሪማ ዩኒቨርሲቲ ይወስዳታል። ደህና አድርገሽ ወልውያት።»

«ሓድር፣ እሺ ሓጃ።»

ሳጥኗ ከክብሪት ቤት ትንሽ ትበልጣለች። በመስታወት ክዳኗ ሥር ከፀጉር የቀጠነ የአሉሚኒየም ወረቀት ተወጥሯል። ሬሕማ ከአገሯ ወጥታ ሪያድ በሚሉት በዚህ ሰፈር፣ እዚህ ቤት በገባች በሁለተኛው ሳምንት ነበር ከዚህ ወረቀት ጋር የተዋወቀችው። ዶክተሩ ከውጭ አገር የሌዘር ቤተ ሙከራ አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ያለ ክዳን ትተውት ነበር። አቧራ ጠላቷ ነው፤ ላጽዳው ብላ ስታነሳው አውራ ጣቷ ቁልጭ ብሎ ታተመበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ እያለቀሰች በር ላይ ጠበቀቻቸው።

ዶክተር ሳሊህ ወረቀቱን አዩና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። ብርቱ የሌዘር ብርሃን ይህን ወረቀት ከፊቱ ሲመታው ይጋይና ፕላዝማ የሚባል እሳታማ ጋዝ ይሆናል። ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች በጀርባው ቀድመው ያመልጣሉ። ከኋላ የቀሩትን ከባዶቹን አዮኖች ደግሞ ስበው ያስከትሏቸዋል። ከሁሉ ፈጥኖ የሚበረው ታዲያ ወረቀቱ እንዳይመስልሽ። ጀርባው ላይ የተቀመጠው እድፍ ነው። የአየር እርጥበት፣ የሰው ጣት ቅባት፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን፣ ፕሮቶኑ።»

«እድፉ?»

«እድፉ! አንድ ቀን ለካንሰር ሕክምና ይሆናል ብለን ነው የምንደክመው። አይዞሽ፣ ፌስታሉን ፍቺ። ለሚቀጥለው ግን በጠርዙ ብቻ ያዢ።»

ከዓመታት በኋላ ጦርነቱ መጣ። ወደ መደኒ ከተማ የምታወጣቸው መኪና ጢም ብላ ሞልታ፣ ሬሕማ በር ላይ ቆማ ቀረች። ዶክተሩ የመጽሐፍ ሻንጣቸውን አውርደው መንገድ ዳር ተዉትና በቦታው እሷን አስቀመጡ። ለራሳቸው የያዙት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ሳጥን ብቻ ነበር። ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፎ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሳይቀር ተነቅሎ ጠበቃቸው። እሳቸው ግን ሲመሽ ሲመሽ ሳጥኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ያይዋት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሻይ ታቀርባለች። ምን እንደሚያዩ አልጠየቀችም።

ሬሕማ ሳጥኗንና መወልወያ ጨርቋን ይዛ ወደ ድንኳኑ ወጣች። ኢክሪማ የዶክተሩ የድሮ ተማሪ ነው፤ ዛሬ ራሱ ሸብቶ ያስተምራል። ስሟን ስትነግረው ብድግ አለ።

«ሬሕማ? የአውራ ጣቷ ሬሕማ?»

«የምን አውራ ጣት?»

«የመጀመሪያው ትምህርታችን አንቺ ነበርሽ! ፕሮቶኑ ከየት እንደሚመጣ ሲያስተምሩን መጽሐፍ አይከፍቱም። ‹ቤቴ አንዲት ልጅ አለችኝ› ብለው ነው የሚጀምሩት። ከዚያ ይህችን ሳጥን ያወጣሉ። አሻራሽን ያላየ ተማሪ የላቸውም።»

ሬሕማ ጎንበስ ብላ አየች። ወረቀቱ ላይ የሷ ትንሽ አሻራ እንዳለ ነው። እንደሷ ሁሉ ሳይጣል ኖሯል። ከላይ፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ የአውራ ጣት ቅባት አለ። የሳቸው ነው፤ ከሳምንት በፊት የያዙበት። በሦስቱ ቀን ያልመጣላት እንባ አሁን መጣ፤ ደስም አላት።

«ወለወልሻት?» አሉ ሓጃ ሁስና ከበሩ።

«አልወለወልኳትም፣ ሓጃ» አለች። በዐሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የታዘዘችውን እንቢ ያለችው። «የሳቸው ጣት አለባት።»

ሓጃ ሁስና ቀርበው አዩ።

ሬሕማ ጨርቁን ወገቧ ላይ ሸጎጠችው። ወደ መስታወቱ አጎንብሳ፣ ዶክተሩ በማያውቁት በገዛ ቋንቋዋ «አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያ ሳጥኗን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ለመምህሩ ዘረጋችለት።

«በጠርዙ ብቻ ያዛት» አለችው።