ሾላ በር፣ ቤት አሥራ አንድ

ሙሐመድዘይን ላስ ቬጋስ ውስጥ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሸትል ሹፌር ነው። ከኤርፖርቱ እስከ ሆቴሉ በር አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ደግሞ የትውልድ መንደሩን ሾላ በርን ለማወደስ ይበቃዋል። ወሎ ያለችው ሾላ በር በሃያ ዓመት ውስጥ በእሱ አፍ አድጋለች። መጀመሪያ ገበያ ቆመላት፣ ቀጥሎ ወንዟ ሰፋ፣ በኋላ መስጊዷ ሚናራ አበቀለ። መንደሯን ጥሎ የወጣው በስምንት ዓመቱ ነው። የጎደለውን ሁሉ የሞላው ምላሱ ነው፤ ሲደጋግመውም ራሱ አመነው።

በዚህ መሀል እዚያው ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር የሚሰበሰበው የወሎ ሰዎች ጀመዓ፣ ልጆች የወላጆቻቸውን መንደር የሚያውቁበት መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሣ። ከየአባቱ የተጠየቀው አንድ ገጽ ነበር። ሙሐመድዘይን አራት ጻፈና፣ ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልሰው ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጁ ለአማል ሰጣት።

በሦስተኛው ቀን አማል ላፕቶፗን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ሾላ በርን ቼክ አደረግሁ። ላይብረሪ ውስጥ በጣም ኦልድ መጽሐፍ አለ። የቦታ ስም ብቻ ነው፣ በፊደል ተራ። አንድ ፈረንጅ በበቅሎ እየዞረ የጻፈው።»

«አላልኩሽም!» ከሶፋው ብድግ አለ። «ስንት ገጽ ሰጣት?»

«ሦስት መስመር።»

አንገቷን ደፍታ እየተረጎመች አነበበችለት። «ሾላ በር። መንደር። ቤት አሥራ አንድ። ውሃ ጥቂት፣ ያውም ድፍርስ። ገበያ የለም። የበቅሎ ጭድ የሚገኘው በልመና ነው። ሰዎቹ ወሬ ይወዳሉ። ማደር አይመከርም።»

ሙሐመድዘይን ተመልሶ ተቀመጠ። «ሌላ ሾላ በር ይሆናላ» አለ። አማል ካርታውን አሳየችው፤ ያችው ናት። «እንግዲያው ሰውዬው ዓይኑን ያመው ነበር» አለ። ይህን ሲል ግን ጆሮው ድረስ ተቃጠለ። ከሁሉም ያንገበገበው «ወሬ ይወዳሉ» የሚለው ነው፤ ፈረንጁ ከመቶ ዓመት በፊት እሱን ራሱን ያየው መሰለው።

ምስክር አስፈለገው። በመላው ቬጋስ አንድ የሾላ በር ሰው አለ፦ ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት እማማ ሃዲያ። ኦፍ ቀኑን ጠብቆ፣ አማልን አስከትሎ ሄደ። አማል የፈረንጁን ሦስት መስመር አነበበችላቸው።

«እማማ ሃዲያ፣ እስቲ ለልጄ ይንገሩልኝ። ገበያችን እንዴት ነበር?»

«የምን ገበያ?»

«የቅዳሜው!»

«አዬ፣ ጨው ሻጩን ነው? እሱ እኮ መንገድ ሲጠፋው ነው በእኛ በኩል የሚያልፈው።»

«ወንዙስ?»

«እኛ ሴቶቹ እንስራ አዝለን የምንዘለው?»

ሚናራውን ሳይጠይቅ ቢቀር ይሻለው ነበር፤ ጠየቀ። እማማ ሃዲያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ሼኹ ድንጋይ ላይ ወጥተው ነበር አዛን የሚሉት። ለዚያውም ድንጋዩ ይነቃነቃል! አሥራ አንድ ቤት አለ ፈረንጁ? ደግ ሰው ነው። በእኔ ጊዜ ሰባት ነበርን።»

አማል ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሙሐመድዘይን የምንጣፉን አበቦች ይቆጥር ጀመር።

እሳቸው ግን በድንገት ኮስተር አሉ። «ልጄ፣ ጭዱን ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«በልመና ነው የሚገኘው፣ ይላል።»

«ዋሸ!» ጉልበታቸውን መቱ። «ያን ሰው አማቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ንዳድ ይዞት ከበቅሎው ወድቆ ነው የመጣው። ዘጠኝ ቀን አስተኙት። የአንዲቷን ላማቸውን ወተት ለእሱ ሰጥተው ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ። ለበቅሎውም ከጣራቸው ላይ ሣር ነቅለው አበሉለት። የቤት ክዳን ነቅሎ የሚሰጥ ሰው ይለመናል?»

ሙሐመድዘይን ቀና አለ። ዘጠኙ ቀን ምናልባት ሦስት ነበር፤ ማጋነንን እሱ ከሩቅ ያውቀዋል። የጣራው ሣር ግን እውነት መሰለው። እንዲህ ያለ ነገር ለጉራ አይመችም፤ እሱ እንኳ በሃያ ዓመት አንዴም አላሰበውም።

«ስማቸውን ያስታውሳሉ?» አለ ቀስ ብሎ። «የሰባቱን ቤት?»

እማማ ሃዲያ ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ፤ አማል ጻፈች። የማን ቤት ከማን ቤት ቀጥሎ እንደሆነ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ ማን መካን እንደነበረችና የሰው ልጅ እንዳሳደገች ነገሯቸው። አራተኛው ቤት የሙሐመድዘይን አባት ቤት ነበር፤ በሩ ጎንበስ የሚያስብል። ይህን እሱም አስታወሰ፤ በሩ ግንባሩን ገምሶት ያውቃል።

ጽሑፎቹ ከመታተማቸው በፊት ጀመዓው ተሰብስቦ ሰማቸው። የሙሐመድዘይን ተራ ሲደርስ፣ ጉራውን ለዓመታት የለመዱት ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

«ሾላ በር ቤቷ አሥራ አንድ ነበር፣ በኋላ ሰባት» ብሎ ጀመረ። «ገበያ የላትም። ገበያ አላት ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ዐውፍ በሉኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጣራው ሣር ላይ ሲደርስ ግን የሳቀ የለም። ሰባቱን አባወራዎች በስም ጠርቶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ጽሑፍ ያስረከቡ አባቶች አንድ በአንድ ወደ አማል መጡ። «የኔን ገጽ አንዴ መልሺልኝማ» ይላሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «የምትስተካከል ትንሽ ነገር አለች።»