የአያ አንለይ አዲስ ደንብ

የቁሐር ሚካኤል ሰው ሲከራከር አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሰድባል፤ አራተኛው ምን እንደተባለ ሳያውቅ «ልክ ነው» ይላል። ይህን ሁሉ በአንድ ዘንግ ጸጥ የሚያደርጉት ዳኛው አያ አንለይ ነበሩ። ሾላው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዘንጉን መሬት ሲያስነኩ ውሻ እንኳ አይጮህም ይባላል። ውሻውስ ይጮሃል፤ ሰው ግን ዝም ይል ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓ.ም. ክረምት አያ አንለይ ጆሯቸውን ታመሙ። የክረምቱ ውኃ የግጦሹን ሜዳ ሞልቶ ሲተኛ የግራው ተደፈነ፤ ለመስቀል የቀኙም ተከተለ። ዋንዛዬ ወርደው ፍል ውኃው ውስጥ ሁለት ሳምንት ተነከሩ። ጉልበታቸው ዳነ፣ ጆሯቸው እንደ ሄደ ቀረ። ይህን የሚያውቅ ከሚስታቸው ከወለተ ሐና በቀር ማንም አልነበረም።

ወለተ ሐና ለመነቻቸው። ሰው ሳይስቅብዎ ዳኝነቱን በክብር ይተዉት አለች፤ ፊታቸው ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያዩ ነውና የሚሰሟት። እሳቸው ግን ሃያ ዓመት የተቀመጡባትን ድንጋይ መተው አቃታቸው። ደግሞም ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው አድማሴ ነው። ስልሳ ከብት አለው፤ ይፋግ ገበያ ሆኖ ሲጣራ ቁሐር ይሰማል። እሱ ዳኛ ከሆነ የሁሉ ግጦሽ የስልሳው ከብት ግጦሽ እንደሚሆን ወለተ ሐናም ታውቃለች። ልመናውን ተወች፤ ቁጣዋን ግን አልተወችም።

በጥቅምት መጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ተሰበሰበ። ጉዳዩ የየዓመቱ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ተከልክሎ የቆየው ሣር መቼ ይከፈት? አያ አንለይ ክርክሩ ሳይጀመር አዲስ ደንብ አወጡ። ሁሉም ከፊታቸው ይቀመጥ። የሚናገር ተነሥቶ ፊት ለፊታቸው ይቁም፣ ኩታውንም ከአፉ ያውርድ። መልስ የሚሰጥ ደግሞ አስቀድሞ ያኛው ያለውን ይድገም፤ ባለ ነገሩ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁ» ካላለው መልስ የለም።

ሰው አጉረመረመ። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣው የወረታው ነጋዴ መንግሥቴ፣ የፓርላማው ሰብሳቢ እንኳ ደወል እንጂ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩት አያ አንለይ ፊቴ ቁምና ተናገር አሉት። ቆሞ ሲደግመው ነገሩ ለራሱም ቀለለበት መሰል፣ ሳይጨርስ ተቀመጠ። ወለተ ሐና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከሴቶቹ ጋር ሆና የባሏን ዓይን ትከታተል ነበር።

ደንቡ ግን ሠራ። አገኘሁሽ የምትባለው ባሏ የሞተባት ሴት ያለቻት አንዲት ላም ናት፤ በየዓመቱ ልትናገር ተነሥታ በጩኸት ትዋጣለች። ዛሬ ጨረሰች። አምና ሜዳው ሳይደርቅ ተከፍቶ ላሟ እስከ ሆዷ ማጥ ውስጥ ገብታ፣ ዐሥር ሰው በገመድ ጎትቶ እንዳወጣት ተናገረች። የኅዳር ሚካኤል እስኪያልፍ ቢጠበቅ መሬቱም ይጠነክራል፣ ሣሩም ለሁሉ ይደርሳል አለች። አያ አንለይ ዓይናቸውን ከአፏ አልነቀሉም። እንዲህ ተሰምታ አታውቅምና ስትቀመጥ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ተራው የአድማሴ ሆነ። እሱ ግን አገኘሁሽ ስትናገር ደንቡን ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ነገር ገብቶታል። በሾላው ግንድ ዞሮ ከአያ አንለይ ጀርባ ቆመ፤ ኩታውንም አፉ ላይ አደረገ።

«አያ አንለይ፣ ሣሩ ነገ ይከፈት እላለሁ። አንቱስ ምን ይላሉ?»

አያ አንለይ ወደ ፊት እያዩ ይጠብቃሉ። ሰው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አድማሴን ያያል። ወለተ ሐና ልትጮህ አሰበች፤ ብትጮህ ማን ይሰማታል? ተነሥታ ወንዶቹን ሰንጥቃ ባሏ ፊት ቆመችና ወደ ኋላቸው ጠቆመች።

ዞሩ። አድማሴን አዩ፤ የሰዉን ፊት አዩ፤ ገባቸው። ተነሥተው ዘንጉን ድንጋዩ ላይ አጋደሙት።

«ጆሮዬ ከክረምት ወዲህ የለም» አሉ። «ከንፈራችሁን እያየሁ ነው የምዳኛችሁ። ደብቄያችኋለሁና ይቅር በሉኝ። ሌላ ዳኛ ምረጡ።»

አድማሴ ወደ ዘንጉ ጎንበስ ሲል አገኘሁሽ መንገዱ ላይ ቆመች።

«መልስ ልትሰጠኝ አልነበር? በል፣ መጀመሪያ እኔ ያልሁትን ድገም።»

አድማሴ ኩታውን ከአፉ አወረደ። «ስለ ላሟ ነው» አለ። «ላሚቱ… ሞተች መሰለኝ።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ።

«ላሜ ቤቷ ናት» አለች አገኘሁሽ። ከዚያ አያ አንለይ ፊት ሄዳ ቆመች። «አንቱ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት። ማጡን፣ ዐሥሩን ሰው፣ ገመዱን፣ የሚካኤልን በዓል፣ አንድ ሳያስቀሩ።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንዲህ ነው ያልሁ።»

ዘንጉን ማን እንዳነሣው አይታወቅም፤ ብዙ እጅ ነበር። ብቻ አያ አንለይ እጅ ተመልሶ ገባ። አድማሴም ተራውን ጠብቆ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ተከራከረና ተረታ። ሣሩ ከሚካኤል ማግስት እንዲከፈት ተወሰነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወለተ ሐና አርባ ዓመት እንዳደረገችው ከኋላ ተከተለች። አያ አንለይ ቆሙና መንገዱን አሳዩዋት።

«ከፊት ሁኚ። ከኋላ ሆነሽ ስትቆጪ አንዱም አይደርሰኝ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ያለውን ቢል አልሰማው።»

ቀደመች። የዚያን ቀን ከአገሩ ሰው ሁሉ ኋላ ቤታቸው የገቡት እነሱ ናቸው፤ ሁለት እርምጃ በሄደች ቁጥር ቆማ፣ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ከክረምት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ቁጣ ትነግራቸው ነበርና።