አንድ ቤት አንድ ሰው

በ1976 ክረምት ከሰሜን የመጡ ሰዎች ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው የእህል መጋዘን ግንብ ሥር ማደር ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ ሸዋወርቅ መጀመሪያ ያደረጉት የግቢያቸውን በር መቆለፍ ነበር። ይህን በኋላ ራሳቸው ይናገሩት ነበር፤ እያፈሩም ቢሆን። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው ደግሞ ከግንቡ ፊት ለፊት ነው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ቀመሪያ፣ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው፣ ትልቁን የድግስ ድስት ልትዋስ መጣች።

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ሾርባ ልሥራበት። ሰዎቹ እኮ እያለቁ ነው፣ እትዬ።"

ሸዋወርቅ ድስቱን አላዋሷትም፤ ራሳቸው ጣዱት። ከዚያ ወዲያ ቀመሪያ ከገበያ ሳይሸጥ የቀረ ሽንኩርትና ድንች ትለምናለች፤ እሳቸው ከዳቦ ቤቶች የደረቀ ዳቦ ይሰበስባሉ። ምስር ሲገኝ ምስር፣ ሲጠፋ ቦሎቄ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሃያ ምናምን ሰዎች ጣሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ይሰለፋሉ።

ከነሱ መካከል አብተውና ዘውድነሽ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። የወሎ ገበሬዎች ናቸው፤ ሁለት ልጆቻቸውን መንገድ ላይ ቀብረዋል። ዘውድነሽ ዓይኗ አያይም። አብተው እጇን ይዞ ያመጣታል፤ ሾርባዋን እፍ እያለ ያበርድላታል፤ የራሱን የሚጠጣው እሷ ከጨረሰች በኋላ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ድስት ያጥባል፣ እንጨት ይፈልጣል። ሸዋወርቅ "ተው፣ አቅም የለህም" ቢሉት፣ "እንዲሁ ከበላሁ አይወርድልኝም፣ እሜቴ" አላቸው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው፣ እንግዶች በከተማው ያልፋሉ፣ አድራሻ የሌላቸው ሰዎች በመኪና ተጭነው ወደ መጠለያ ይወሰዳሉ ተባለ። መጠለያው የት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። አንድ ነገር ብቻ ተፈቀደ። የቀበሌው ነዋሪ ዋስ ሆኖ ቤቱ ያስመዘገበው ሰው ይቀራል። ለአንድ ቤት አንድ ሰው።

ቀመሪያ ያኑ ዕለት ቡዜ የምትባል አራስ አስመዘገበች። ሸዋወርቅ በማግሥቱ ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ወደ ነጋሳ ሄዱ። ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

"ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱንም ጻፍልኝ፣ ልጄ።"

"አንድ ብቻ ነው የሚቻለው፣ እትዬ ሸዋዬ።"

"ባልና ሚስት አንድ አይደሉም እንዴ?"

ነጋሳ ቅጹን ወደሳቸው አዞረው። "ያለው አንድ መስመር ነው። ሌላ ስም ብጨምርበት እኔም እጠየቃለሁ፣ እርስዎም ይጠየቃሉ።"

ቅጹን ሳይሞሉ ይዘውት ወጡ። ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። እንጨት ሲያዋጡ፣ ዳቦ ሲያቀብሉ የነበሩ ጎረቤቶች ዋስ ሁኑ ሲባሉ ተለወጡ። አንዱ ቤቴ ጠባብ ነው አለ። አንዷ ባሌን ላማክር ብላ ገብታ አልወጣችም። እውነቱን የነገራቸው ፈዬራ የሚባለው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። "ወንድሜ ታስሯል" አላቸው። "በኔ ፊርማ የሚተርፍ ሰው የለም።"

ሲመሻሽ አብተውን ለብቻው ጠርተው ነገሩት። "የሷን ይጻፉልኝ" አለ። "እኔ የትም ብጣል ሠርቼ እበላለሁ። እሷን ማን ይመራታል?"

"ልንገራት?"

"አይንገሯት፤ ካንተ አልለይም ትላለች። ሁለታችንም ተጽፈናል እላታለሁ።"

መኪኖቹ የመጡት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አብተው ሚስቱን ቀደም ብሎ ወደ ግቢው አስገብቶ በረንዳው ላይ አስቀመጣት። ነጠላዋን አስተካከለላትና "ዕቃችንን ላምጣ" አላት። ግንቡ ሥር ምንም ዕቃ አልነበራቸውም። "እሺ" አለችው።

ሸዋወርቅ በር ላይ ቆመው አዩ። ስም እየተጠራ ሰው ይጫናል። ያለቀሰ አልነበረም። ከተጫኑት አንዳንዶቹ ወደሳቸው ዞረው ስለበሉት ምሳ እጅ ነሡ። መኪኖቹ ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ ወጡ።

ሸዋወርቅ ለዘውድነሽ፣ አብተው ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ሥራ አገኘ ብለው ዋሿት። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያሉ አሥር ቀን አለፈ። አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ፣ "ይብቃዎት፣ እትዬ" አለቻቸው። "ስሙ ሲጠራ 'አቤት' ሲል ሰምቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ብጮህ ይወርድ ነበር። ቢወርድ ይመቱታል። አለዚያም እኔ አብሬው እጫናለሁ፤ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እሷን አትርፌያለሁ ብሎ ይሂድ አልኩ።"

ያለቀሱት ሸዋወርቅ ናቸው። እሷ መላጧን ቀጠለች።

የቀመሪያ ወንድም መሐመድሰዒድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዝዋይም ሻሸመኔም በሄደ ቁጥር ሲጠይቅ ከርሞ፣ ታኅሣሥ ላይ ወሬ ይዞ መጣ። ሰዎቹን ከሻሸመኔ ወዲያ ሜዳ ላይ አራግፈዋቸዋል፤ በሽታ ገብቶባቸው ብዙዎቹ ተበትነዋል። እዚያው ሻሸመኔ አጠገብ፣ ኩየራ ላይ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድ የወሎ ሰው ያስታውሳሉ። ትኩሳቱ ሳይለቀው ተነሥቶ የናዝሬትን መንገድ ጠይቋቸው ነበር። ቆይ ቢሉት እምቢ ብሎ ሄደ። እሱ ይሁን ሌላ፣ የሚያውቅ የለም። ናዝሬት ግን አልደረሰም።

ሰው ሁሉ ሸዋወርቅን "አንዷን አትርፈዋል" እያለ ያጽናናቸው ነበር። እሳቸው ለቀመሪያ ብቻ እንዲህ አሏት፤ "ለአብተው ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ለሌሎቹ አልዞርኩም። ሁለት ወር አብልቻቸው ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።"

የአብዮቱ በዓል ካለፈ በኋላ ግንቡ ሥር ሌሎች ሰዎች መጡ። ድስቱ እንደገና ተጣደ። ሸዋወርቅ ሾርባ ከመቅዳታቸው በፊት እያንዳንዱን ስሙንና አገሩን ይጠይቁት ጀመር፤ አጠገባቸው የምትቀመጠው ዘውድነሽ ደግሞ ሁሉንም በቃሏ ትይዝላቸው ነበር። በ1981 የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ እስክትሞት ድረስ፣ ከሦስት መቶ በላይ ሰው በስሙ ታውቅ ነበር።