የመጀመሪያው እሳት

ከአንኮበር ገደል ሥር፣ ቀይ ዐለቱ እንደ ግንብ ከቆመበት በረሃ ላይ ያለችው ከተማ ስም አልነበራትም። ሾፌሩን «ግራሯ ጋ አውርደኝ» ካሉት ይገባዋል፤ ያም ይበቃ ነበር። ዘንድሮ ግን ዐለቱን ሊያይ የሚመጣው ሰው በዛና ታፔላ ይተከል ተባለ።

መዝጋቢው ፍሥሐ ከደብረ ብርሃን ወርዶ፣ ላቡን እየጠረገ ግራሯ ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ባንድ ቃል፣ «በእትዬ ለተጊዮርጊስ ስም ይሁን፤ ከሁላችን የቀደሙት እሳቸው ናቸው» አሉ።

ለተጊዮርጊስ ነጠላዋን አስተካከለች። ከመዘዞ ብርድ ወርዳ፣ ባሏን እዚሁ ቀብራ፣ ስድስት ልጅ በዚህ ሐሩር አሳድጋ፣ ስም ሲያንሳት ነው! እሷ ማንበብ ባትችል የሚያነብላት ሞልቷል።

«እማማ፣ ሲመጡ እዚህ ማንም አልነበረም?» አለ ፍሥሐ።

«ዝንጀሮ ነበር። እሱም እንዳንተ ጥያቄ አያበዛም።»

ሰዉ ሳቀ። ፍሥሐም ሳቀ፤ እስክሪብቶውን ግን አላሳረፈም። «እኛ ዘንድ አገር አቀና የሚባለው የመጀመሪያውን እሳት ያነደደ ነው። ኋላ የመጣው ከሱ ይጭራል። እርስዎስ ከማን ጫሩ?»

ለተጊዮርጊስ ዐይኗን ወደ ሰዉ ኋላ ወረወረች።

ከባሏ ጋር እዚህ የደረሱ ዕለት ክብሪታቸው ወንዝ ሲሻገሩ ርሶባቸው ነበር። ጭስ አይታ ብትሄድ ኩብራ የምትባል ሴት አገኘች፤ ፍሙን በገል አድርጋ ሰጠቻት። ሌሎቹ መጥተው ሲሰፍሩ ኩብራ አፈር ገብታለች። ልጇ ጁወይሪያ ይኸው ከሰዉ ኋላ ቆማለች፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «የመጀመሪያዋ እናቴ ነበረች» ብላ አታውቅም።

«አንቺ ጁወይሪያ፣ ምን ይዘጋሻል?» አለቻት።

«እትዬ ለተ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ምን እናገራለሁ?»

«ስሞትስ? ይዤው ልቀበር?» ወደ ፍሥሐ ዞረች። «ጻፍ! ከኩብራ ነው የጫርኩት። ከአልዩ አምባ መጥታ እዚህች ግራር ላይ ለመንገደኛ የውሃ ቅል ትሰቅል ነበር። እኔ ሁለተኛ ነኝ። የኩብራ ግራር በለው።»

«እስከ ዛሬ ምነው ሳይነግሩን?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም እሳት ከእኔ ጫራችሁ፤ እኔ ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀ አለ?»

ታፔላው በወሩ ተተከለ። ጁወይሪያ ለተጊዮርጊስን ክንዷን ይዛ ወሰደቻትና «የኩብራ ግራር» ብላ አነበበችላት።

ለተጊዮርጊስ አንጋጣ አየችው። «ጽሑፉን ምነው አሳነሱት?» አለች። «መንገደኛ ከሩቅ እንዲያየው አይደለም እንዴ?»