አርቆ አሳቢዋ ባለአክሲዮን

ልጆቼ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ ተዘርፍጠው ስለ ገንዘብ ሲያወሩ እኔን እንደ መጋረጃ ነው የሚያዩኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮ ግን አለኝ።

ባለቤቴ ሲሞት በአንድ ፋብሪካ የነበረውን አክሲዮን ለእኔና ለሁለቱ ልጆቻችን አካፍሎን ሄደ። ፋብሪካው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረች እንዳይግል የምታደርገውን ትንሽ ፋን ነው የሚሠራው። አምና ኮምፒውተር የሚገዛ ጠፋ። ፋብሪካውም ግማሹን ማሽን ሸራ አልብሶ አስተኛው። ባንክ የሚሠራው ልጄ ከረባቱን እያላላ፣ «አለቀለት! ዛሬ ነገ ሳንል እንሽጥ» አለ። እህቱም እሺ አለች። የየድርሻቸውን ሸጡ። ለእኔ ትንፍሽ ያለ የለም።

ዘንድሮ ትዕዛዙ ጎረፈ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ቅዳሜ ልጄ ኬክ ተሸክሞ ከች አለ። ስኳር ላለብኝ ሴትዮ!

«እማዬ፣ ጉድ እኮ ነሽ! ሁሉም ሲደነግጥ አንቺ ብቻ ጸናሽ። አርቆ አሳቢ ናት እያልኩ ቢሮ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው የለም።»

«ምን አድርጌ?»

«ሳትሸጪ ቆየሻ!»

«ሽጪ ያለኝ ማን ነበር?»

አንገቱን አከከ። «እሷ ታስፈርምሻለች ብዬ ነዋ።»

እህቱ ጋ ደወልኩ። «እሱ ያስፈርምሻል ብዬ ነው፣ እማዬ» አለችኝ።

አርቆ አሳቢነቴ ይኸው ነው፤ ሁለት የተማሩ ልጆች መውለድ።

ኬኩ ሳይቆረስ ወረቀትና የጣት ቀለም አወጣ። አሁን ደግሞ ገበያ የራቀው ፓወር ሳፕላይ የሚሉትን፣ ለኮምፒውተር መብራት የሚያከፋፍለውን ሳጥን የሚሠራ ፋብሪካ ነው አሉ። የእኔን ሸጠን እዚያ እንግባ አለኝ።

«ገበያ ሲቀዘቅዝ ይሸጣል አላልክም?»

«ያኔና አሁን ይለያያል። አሁን በርካሽ የሚገዛበት ነው። ዝርዝሩ አይገባሽም፣ እማዬ፤ ዝም ብለሽ እዚህ ጋ ጫን አድርጊ።»

አውራ ጣቴን ይዞ ወደ ቀለሙ ሲጎትት መነጨቅኩት። የመድኃኒቴንም የቤቴንም ወጪ የምትችለው ያቺው አክሲዮን ናት፤ ሌላ ጧሪ የለኝም።

«ስማ አንተ! ቀለሙን ክደነው። መጀመሪያ ለቢሮህ ሰዎች ደውልና፣ እኔ እየሰማሁ፣ ‹እናቴ አርቆ አሳቢ ሆና አይደለም፤ ረስተናት ነው› በላቸው። ከዚያ ያንን ፋብሪካ ውሰደኝና በዓይኔ ልየው። ሰው ለምን እንደሸሸው፣ ነገ ማን እንደሚገዛው፣ እስኪገባኝ ድረስ ቁጭ ብለህ ታስረዳኛለህ። ካልገባኝ ጣቴን አታገኛትም። በል፣ ስልክህን አውጣ!»